አስጠኚው ከየት ይጀምር?



ለዚህ አምድ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል የልጆችን ትምህርት የሚመለከቱት የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ በሚታደልበት ሰሞን በርከት ይላሉ። በዚህ ወር የመረጥነው ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር አንዲት እናት የላኩልንን ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወንድ ልጃቸው በደረጃ ከክፍሉ የመጨረሻዎቹ ተርታ ወጥቷል። እርሳቸውን ግራ የሚያጋባቸው ግን ይኸው ልጅ ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቅ ላይ ሲቀመጥ ሒሳብ የማይስት መሆኑ ነው። መልስ ሲመልስ አባቱ እንኳ አያጣራበትም። አባትየው በበኩላቸው «ይህ ልጅ ለንግድ እንጂ ለትምህርት አልተፈጠረም፤ ዓመቱን ይጨርስና እኔው ጋ ይዋል» ማለት ጀምረዋል። እናት አስጠኚ ቢቀጠርለት ይሻላል ባይ ናቸው። «ጥሩ አስጠኚ በምን ይታወቃል? ከየትስ እናምጣ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እኅታችን፣ ጥያቄዎ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ «ማን ይቀጠር?» ከማለታችን በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ እንዲቀድም እንፈልጋለን፤ እርሱም «አስጠኚው ከየት ይጀምር?» የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚቀጠር አስጠኚ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ገንዘብ ማባከኛ ከመሆን አያልፍም የሚል እምነት አለን።

በየቤቱ የምናየው ልማድ የሚከተለውን ይመስላል። ቤተሰብ አስጠኚውን ተቀብሎ «አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይደክማል» ይለዋል። አስጠኚው የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይከፍታል። ልጁ ከመጽሐፉ ግማሹን ቃል ስለማያውቀው ዝም ይላል። ዝምታው ሲበዛ አስጠኚው የቤት ሥራውን ራሱ መሥራት ይጀምራል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ በ«ራይት» ተሞልቶ ይታያል፤ ቤተሰብም ደስ ብሎት ይከፍላል። ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቱ ያው ነው። ያን ጊዜ «አስጠኚ እንኳ ቀጥረንለት አልሆነም» ተብሎ በልጁ ላይ ይፈረድበታል። አስጠኚ ባይቀጠርለት ኖሮ ይህ ፍርድ ባልደረሰበት ነበር።

ልጁ በካርዱ ላይ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርቱ የቆመው ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ካለ፣ በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው ለውጦች አንዱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይጣሉ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ማድረግ እንደነበር ያስታውሷል። ሐሳቡ በየጊዜው እየተገመገሙና እየታገዙ ይለፉ የሚል ነበር፤ በክፉ አልታሰበም። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ግን ማለፉ ሲቀጥል እገዛው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች በዚያው ዓመት ሦስተኛ ክፍል፣ ከዚያም አራተኛ ገብተዋል። ከዓመታት በኋላ፣ የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሀገር ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 ከመቶ ሆነ። ነገሩ 12ኛ ክፍል ላይ የታየ እንጂ እዚያ የተጀመረ አልነበረም።

እንግዲህ ልጁ የቆመበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የተማረ ወላጅ መሆን ግድ አይልም። ከጎረቤት የሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል መጻሕፍት ይዋሱ። ልጁን ብቻውን፣ ታናናሾቹ በሌሉበት አስቀምጠው ከሁለተኛ ክፍሉ አንድ ገጽ ያስነብቡት። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁ እየተንደረደረ ይሁን ወይም በእያንዳንዷ ፊደል ላይ እየተደናቀፈ በጆሮው ይለየዋል። ሲጨርስ «ምን አለ?» ብለው ይጠይቁት። በሚገባ ከነገረዎት ወደ ሦስተኛ ክፍሉ ይለፉ። በሒሳብም እንዲሁ መደመር፣ መቀነስ ከብድር ጋር፣ የማባዛት ሰንጠረዥ፣ ማካፈል እያሉ በተራ ያስሠሩት። የሚቆምበት ቦታ በአንድ ምሽት ይታወቃል። እዚያ ሲደርስ አይቆጡት። ከተቆጡት ሁለተኛ እውነቱን አያሳይዎትም።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ማጣራት ይገባል። አንዱ ዐይኑና ጆሮው ነው። ከሰሌዳው ርቆ የተቀመጠና የተጻፈው የማይታየው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ዓመታት ሊያሳልፍ ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ወስዶ ማሳየት ይቀድማል። ሁለተኛው፣ በተለይ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ቆላ ቦታ፣ ወባ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ማለትም አዲሱ ትምህርት መሠረቱን በሚጥልበት ወቅት ነው። ሁለት ሳምንት ተኝቶ የተነሣ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ ክፍልፋይን ጨርሶ አልፏል። ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተምረውም። ስለዚህ ያለፉትን ዓመታት መለስ ብለው «መቼ ታመመ? ያን ጊዜ ምን እየተማሩ ነበር?» ብለው ያስቡ፤ ጉድለቱ አንዳንዴ እዚያች ሁለት ሳምንት ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

በጋሞ ዞን ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ የቋንቋውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ይህ ነገር ሲታሰብ ልጆቻችን እንዲያውም ይህን ያህል መቻላቸው ይደንቃል። ቤተሰቡ ከስልጤ ወይም ከጉራጌ የሄደ ከሆነ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ይነገራል። መንገድ ላይ ጋሞኛና አማርኛ አለ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ጋሞኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ግን ፊደላቱ ድምፃቸው ከእንግሊዝኛው ይለያል። ለምሳሌ ኤክስ የሚባለው ፊደል በጋሞኛ «ጥ» ነው፤ ፈጣሪን የሚጠራው «ጦሲ» የሚለው ቃል በእርሱ ይጀመራል። ሰባት ቁጥርም በጋሞኛ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ፊደል ሆና ትገባለች። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያው ኤክስ «ክስ» ይሆናል፤ ከፍ ሲል በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያልታወቀ ቁጥር ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ልጁ ቁርአን ቤት ሲገባ ደግሞ ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በዚህ ላይ በቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ልጆች ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ይደረግ ነበር። አዲስ አበባ ይህ የሚሆነው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነበር። ክልሉ ዛሬ ተከፍሎ አርባ ምንጭ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነች፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ተለውጧል። የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። ስለዚህ ልጅዎ ሒሳቡንና ሳይንሱን በየትኛው ቋንቋ እየተማረ እንደሆነ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ይጠይቁ። «ሒሳብ አይገባውም» የተባለው ልጅ ሒሳቡ ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ አልገባው ይሆናል።

ወደ ሱቁ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በየመንገዱ ኮኮናትና ፍራፍሬ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሏል። ጥናቱን ያደረጉት ሰዎች እንደ ደንበኛ ቀርበው ዋጋ ሲጠይቋቸው ልጆቹ ከመቶ ዘጠና ስምንት ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ላይ፣ በትምህርት ቤት አጻጻፍ ሲሰጧቸው በትክክል የሠሩት ከመቶ ሠላሳ ሰባት ያህሉን ብቻ ነበር። ልጆቹ ያው፣ ሒሳቡም ያው ነው። ሙዝና ማንጎ በሚታወቅባት በአርባ ምንጭ ይህን ለማየት ብራዚል መሄድ አያሻም፤ ገበያ መውጣት ይበቃል። ስለዚህ ለአባትየው የምንለው አለን። ልጅዎ ሱቅ ላይ አለመሳሳቱ ለትምህርት እንዳልተፈጠረ ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም ጭንቅላቱ ሒሳብ እንደሚችል ያረጋግጥልዎታል። የጎደለው በቃሉ የሚሠራውን ወደ ወረቀት የሚያሻግርለት ሰው ነው። አስጠኚውም መጀመር ያለበት ከሱቁ ሒሳብ ነው፤ «ሦስት ኪሎ ስኳር ሸጠህ ሁለት መቶ ብር ቢሰጡህ» ብሎ በቃሉ ካስመለሰው በኋላ ያንኑ አብሮት ይጻፈው።

ልጅ ከትምህርት ገበታ ሲነሣ ምን እንደሚጠብቀው የጋሞ ምድር ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል። ከደጋው፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ልጆች ገና በለጋነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሽመና ሲወሰዱ ኖረዋል። ሽመና የተከበረ ሙያ ነው፤ የዶርዜን እጅ ሥራ የማይለብስ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ከጉድጓድ ተቀምጦ ሲሸምን የሚውልበት ሕይወት ሙያ መማር ሳይሆን ልጅነትን መነጠቅ ነው። ሱቅ ከአባት ጋር መዋል ከዚህ የተሻለ መሆኑ እሙን ነው። ሆኖም አንድ ልጅ በዐሥራ አንድ ዓመቱ «አንተ ለትምህርት አትሆንም» ከተባለ ቃሉ አብሮት ያድጋል።

አሁን ወደ ማን ይቀጠር እንምጣ። አርባ ምንጭ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ነች። በ1979 ዓ.ም የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ግቢዎቹ ከተማዋን ከበዋታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በተጨማሪ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ወላጅ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው ግን በዩኒቨርሲቲው ላይ ነው፤ በተለይ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ከተገኘ ደስታው አይቻልም። የእኛ ምክር ከዚህ ይለያል። ልጁ የቆመው ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ከሆነ የሚያስፈልገው ፊደልና ንባብ እንዴት እንደሚያዝ የተማረ ሰው ነው፤ ያም በመምህራን ኮሌጁ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚሠለጥነው ወጣት ነው። ለእርሱ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ መክፈት ውርደት አይደለም፤ ሙያው ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪው ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ለደረሱት ታላላቆቹ ይሁን።

ከፍ ያለ ዲግሪ የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ህንዶች አሳይተዋል። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ፕራታም የተባለ ድርጅት ከየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ወጣት ሴቶችን አጭር ሥልጠና ሰጥቶ «ባልሳኺ» ማለትም የልጅ ጓደኛ ብሎ አሰማራቸው። ወደ ኋላ የቀሩትን የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ለብቻ እያወጡ፣ ካላወቁት መሠረት ጀምረው ያስተምሯቸው ነበር። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የልጆቹ ውጤት መሻሻሉን፣ በይበልጥ የተጠቀሙትም ከሁሉ ወደ ኋላ የቀሩት መሆናቸውን አመልክተዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ነውን? ቁርአን ቤት የተቀመጠ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ኡስታዙ ፊት ልጆች ሁሉ በአንድነት አንድ ገጽ አይቀሩም። አንዱ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ላይ ነው፤ ሌላው በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ይቆጥራል፤ ሌላው ሊያኸትም ተቃርቧል። እያንዳንዱ በተራው ቀርቦ ያሰማል፤ ካላጠራ ነገም እዚያው ነው፤ ካጠራ ያልፋል። የበለጠው ታናሹን ያስቀራል። ዕድሜውን ወይም የገባበትን ዓመት የሚጠይቅ የለም። (ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ለልጆቻቸው ለአል-አሚንና ለአል-መእሙን የሰዋስው ሊቁን አል-ኪሳኢን ማስመጣታቸው ይታወቃል፤ ለእኛ ልጅ ግን አል-ኪሳኢ አያስፈልገንም፤ ከአሊፍ ለመጀመር የማያፍር ሰው ይበቃናል።) ለሒሳቡና ለንባቡ የምንሻው አስጠኚ ይህንኑ የሚያደርግ ነው።

ስለዚህ አስጠኚ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያውቅ ብዙ አይጠይቁት። «በመጀመሪያው ሳምንት ከልጁ ጋር ምን ትሠራለህ?» ይበሉት። «ከምዕራፍ አንድ እጀምራለሁ» ካለ ሌላ ይፈልጉ። «መጀመሪያ ሲያነብ ልስማው፤ ደብተሩን ልየው» ካለ ያስቀምጡት። መታወቂያውን ማየት፣ የሚያውቀው የከተማ ሰው ማስጠራት፣ አንድ ሳምንት መሞከር ነውር የለውም። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም በደላላ የመጣውንም እንዲሁ ያጣሩ። የልጁን የራሱን የክፍል መምህር መቅጠርን ግን አንመክርም። ብዙዎቹ መምህራን ቅን ናቸው፤ ኑሮም ከብዷቸዋል። ቢሆንም ያው ሰው ቀን አስተምሮ፣ ማታ ተከፍሎት አስጠንቶ፣ ፈተናውንም ራሱ ሲያወጣ የልጁ ማርክ ይጨምራል፤ እውቀቱ መጨመሩን ግን ማወቂያ የለም። ከመምህሩ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ የት እንደሚደናቀፍ ለአስጠኚው እንዲነግር ያገናኟቸው።

ጥናቱ የሚካሄደው ሰው በሚገባበት በሚወጣበት ሳሎን ወይም በረንዳ ይሁን። በር ተዘግቶ አይሁን፤ ይህ ለወንድም ለሴትም ልጅ ነው። ለሴት ልጅ ሴት አስጠኚ ይፈለግ፤ በኮሌጁም በዩኒቨርሲቲውም ሞልተዋል፤ ራሳቸውን የሚደጉሙበት ሥራ ሲያገኙም ደስ ይላቸዋል። እግረ መንገዳችንን ደግሞ፣ አስጠኚ ለወንዱ ተቀጥሮ እኅቱ ሻይ የምታቀርብበት ቤት መኖሩን እናውቃለን። እርሷም ወንበር ስባ ትቀመጥ፤ ለሁለት ልጅ የሚከፈለው የአንዱ እጥፍ አይሆንም።

ሰዓቱን ከቁርአን ቤቱ ጋር አያጋጩት። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከማስጠናት አራት ቀን አንዳንድ ሰዓት ይሻላል፤ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ይረሳል። ክፍያውን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይስማሙ፦ በሳምንት ስንት ቀን፣ የቀረበት ቀን እንዴት እንደሚካካስ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚመላለስበት የባጃጅ ሒሳብ በማን እንደሚሸፈን። አቅም ካጠረ ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ አስጠኚ ይቅጠሩ። ልጆቹ በክፍል ባይመሳሰሉም የቆሙበት ቦታ ከተቀራረበ ችግር የለውም፤ አንዱ አራተኛ ሌላው ስድስተኛ ክፍል ሆነው ሁለቱም የማባዛት ሰንጠረዥ የማያውቁ ልጆች አብረው ይማራሉ። በየወሩ መጨረሻ ያን የመጀመሪያ ምሽት ያስነበቡትን ገጽ መልሰው ያስነብቡት። ደረጃውንና ካርዱን ለጊዜው ይርሱት፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጀምር ልጅ በቀጣዩ ፈተና ላይ ወዲያው ላይታይበት ይችላል። አባትየውም ይህን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተማሪዎቹ ወደየሀገራቸው ስለሚበተኑ ብዙ ቤተሰብ በክረምት ጥናቱን ያቋርጣል። ይሁንና ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን የክረምት ትምህርት በሚሰጡበት ወቅት፣ ዓመቱን ሙሉ በየወረዳው ሲያስተምሩ የከረሙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ራሳቸው ተማሪ ሆነው ወደ ከተማ ይመጣሉ። ቤት ተከራይተው የሚቀመጡ፣ ለኪሳቸውም የሚሆን የማይጠሉ ሰዎች ናቸው። ጋሞኛውንም አማርኛውንም የሚያውቅ፣ ስልሳ ልጅ ማስተማር የለመደ ሰው አንድ ልጅ ብቻ ፊቱ ሲቀመጥለት ምን ሊሠራ እንደሚችል ይገመታል። ከሐምሌ በፊት በኮሌጁ በኩል ሰው ልኮ ማጠያየቅ ነው።